ማስተካከያ ያለው?

በምክር ቤት ግቢ ውስጥ ያፈቀረ ሰው ሁለት ነገር ይለምዳል፤ የቀዘቀዘ ሻይና ያላለቀ ወሬ። ሁሉንም የሚያበላሸው ደወሉ ነው። አንድ ሰው የልቡን ሊናገር አፉን ሲከፍት ደወሉ ይጮኻል፤ አባላቱ ከሻይ ቤቱ እየወጡ ወደ አዳራሹ ይጎርፋሉ፤ እኔም ወረቀቴን አቅፌ እከተላቸዋለሁ። ስመለስ ሻዩ በርዷል፣ ሰውየው ሄዷል። በማግስቱ ብጠይቀውም ምን ሊለኝ እንደነበር ረስቶታል።

ሥራዬ ቃለ ጉባኤ መያዝ ነው። በታችኛው ምክር ቤት አዳራሽ፣ ከአፈ ጉባኤው መድረክ ሥር ያለችው ጠባብ ጠረጴዛ የኔ ናት። ትልቁ ጉባኤ በሌለ ቀን ደግሞ በቋሚ ኮሚቴዎቹ ክፍል ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ። አባል ሲናገር እጽፋለሁ፣ ሲቆጣ እጽፋለሁ፣ ድምፅ ሲሰጥ መሐል ሰፋሪ ከሆነም «ተአቅቦ» ብዬ እጽፋለሁ። እኔ ግን አልናገርም። ሥራ ስጀምር የክፍላችን ኃላፊ፣ ፀጉራቸው በዚያው ክፍል የሸበተ ሴት፣ ያሉኝ ይህንኑ ነበር፤ «አንቺ ጆሮና እጅ ነሽ። አፍሽን በሩ ላይ ትተሽ ትገቢያለሽ፣ ስትወጪ ታነሺዋለሽ።»

እሱን ያወቅኩት አፉን በሩ ላይ መተው ባለመቻሉ ነው።

የሕግ ክፍል ባለሙያ ነበር፤ ረቂቅ ያዘጋጃል። አንድ ሕግ ምክር ቤት ሲገባ መጀመሪያ በትልቁ ጉባኤ ፊት ይነበብና ጉዳዩ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል። ኮሚቴው ባለጉዳይ ጠርቶ ይሰማል፣ እያንዳንዱን አንቀጽ እንደ ሽንኩርት ይልጣል፣ ከዚያ የውሳኔ ሐሳቡን ይዞ ወደ ጉባኤው ይመለሳል። እሱ ያ ሁሉ ልጣጭ ሲወርድ ከሰብሳቢዋ ጀርባ ተቀምጦ፣ ሲጠይቁት ብቻ የሚመልስ ሰው ነው። ንግግሩ ሁሉ በአንቀጽና በንዑስ አንቀጽ ስለሆነ በግቢው ውስጥ «አንቀጽ» እያሉ ይጠሩት ነበር።

አንድ ቀን ኮሚቴው እሱ ብዙ የደከመበትን አንቀጽ ሳይከራከር ሰረዘው። እሱም የፊቱ ድምፅ ማጉያ ክፍት መሆኑን ሳያውቅ «ነፍስ ይማር» አለ።

እኔ ጻፍኩት።

ስብሰባው እንዳበቃ በኮሪደሩ እየተጣደፈ ደረሰብኝ።

«እባክሽ እቺን ቃል አውጪልኝ።»

«የቷን?»

«ታውቂያታለሽ። ነፍስ ይማር የምትለዋን።»

«አልተባለችም?»

«አምልጣኝ ነዋ።»

«ያመለጠችም ተብላለች። ማስተካከያ ካለህ በሚቀጥለው ስብሰባ ቃለ ጉባኤው ሲጸድቅ እጅህን ታነሳለህ። ሰብሳቢዋ ‹ማስተካከያ ያለው?› ብለው ይጠይቃሉ።»

«እሳቸው ይህን ሲሉ እጁን ያነሳ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አላየሁም። ማንም አላየም። የያንዳንዱ ስብሰባ የመጀመሪያ ጉዳይ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ ነው፤ እኔ ቆሜ ሳነብ አባላቱ መነጽር ይፈልጋሉ፣ ውኃ ይቀዳሉ፣ ስልካቸውን ያጠፋሉ። ሰብሳቢዋ በየመሐሉ «ሥነ ሥርዓት!» ማለት ስለሚወዱ «እትዬ ሥርዓት» የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። እሳቸውም ቀና ሳይሉ «ማስተካከያ ያለው? ከሌለ ጸድቋል» ብለው ጥያቄውንም መልሱንም በአንድ ትንፋሽ ይጨርሱታል።

በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፄን ሳልቀንስ አነበብኩ። «ነፍስ ይማር» በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ከሰብሳቢዋ ጀርባ ሆኖ አየኝ፤ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ሳቁን ለመዋጥ ጉንጩን ነክሷል። እኔም እስክሪብቶ የወደቀብኝ መስዬ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። ከዚያ ሥር ስወጣ ነገሩ ጀምሮ ነበር።

ሻይ ቤቱ ውስጥ ከትልቁ ዓምድ ጀርባ ያለች ጠረጴዛ አለች፤ የደወሉ ድምፅ እዚያ ትንሽ ይለዝባል። የኛ ሆነች። ሲያዳምጠኝ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይይዝ ነበር። ዓይኑን ሳይነቅል እስክጨርስ ይጠብቀኛል፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያወራ ስሰማ ለምውለው ለኔ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ማፍቀሩን የነገረኝም እንደ ልማዱ በቅደም ተከተል ነው።

«አንደኛ፣ ደስ ትይኛለሽ። ሁለተኛ...»

ደወሉ ጮኸ። ሁለተኛውን ለማወቅ ማደር ነበረብኝ።

«ሁለተኛው ምን ነበር?» አልኩት በማግስቱ።

«ከአንደኛው ጋር ተያይዞ የሚታይ ነው» አለኝ።

ምን ይደረጋል፤ ልብ ከወደደ ወደደ ነው።

ግን ደንብ ነበረብን። የምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ሁለት ሠራተኞች ከተጋቡ አንዳቸው ሥራ ይለቃሉ። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ምስጢር ትራስ ላይ እንዳይወራ ሠግተው ነው ይባላል። ወረቀቱ «አንዳቸው» ይላል እንጂ ሚስት አይልም። ሆኖም በግቢው ታሪክ ውስጥ የወጣው ባል የትኛው እንደሆነ ብጠይቅ የሚነግረኝ አጣሁ። ኃላፊዬ በወጣትነታቸው ከበጀት ክፍል አንድ ሰው ይወዳቸው እንደነበር ሰምቻለሁ። እሳቸው ሥራውን መረጡ። አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኳቸው።

«አልቆጨኝም» አሉኝ። «ይህን በቃለ ጉባኤ ያዥው። የቀረውን አትያዥው።»

እኔም ሥራዬን እወዳለሁ። እናቴ በልብስ ስፌት መኪናዋ ያስተማረችኝ ከመድረክ ሥር ባለች ጠረጴዛ ተቀምጬ እንድቀር አልነበረም፤ እኔ ግን ያችን ጠረጴዛ በላቤ አግኝቻታለሁ። ሰባት ሰው በአንድ ጊዜ ሲጮህ ማን ምን እንዳለ ለይቼ አውቃለሁ። እሱንም እወደዋለሁ። ሁለቱንም ፈለግኩ። ይህ ስግብግብነት ከሆነ ይሁን።

ተስፋችን አንድ ረቂቅ ሕግ ነበር። የጽሕፈት ቤቱን ሠራተኞች የሚያስተዳድር አዲስ ሕግ እየተዘጋጀ ነው፤ አዘጋጁም እሱ ነው። ሥራው የተሰጠው እኔን ሳያውቀኝ በፊት ነው። አንቀጽ አሥራ ስምንትንም ያኔ ነው የጻፈው። አንድ ቀን ከዓምዱ ጀርባ አሳየኝ፤ «በሠራተኞች መካከል የሚፈጸም ጋብቻ ለሥራ መልቀቅ ምክንያት አይሆንም።» እንደዚያ ያለ የፍቅር ቃል ከዚያ በፊት አልሰማሁም፤ በኋላም አልሰማሁም።

«እቺ እስክትጸድቅ ብቻ ማንም እንዳያውቅ» አለኝ። «ዝም አይነቅዝም።»

«ከነቀዘስ?»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«የኛ እንቁላል ግን ኮሚቴ ነው የተመራው» አልኩት።

የዚያን ረቂቅ ጉዞ ሳስበው አሁንም ጥርሴን ያፋጨኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ በተነበበ ቀን ጉባኤው በማግስቱ ስለሚጀምረው የሌላ ሕግ ክርክር ሲያወራ አልሰማውም። ኮሚቴ ሲደርስ የበጀት ወቅት ገባ፤ የበጀት ወቅት ሲገባ ሌላው ሁሉ ይቆማል። በጀቱ ሲያልፍ ሰብሳቢዋ ለጉብኝት ሄዱ። ሲመለሱ የሕዝብ አስተያየት መስሚያ መድረክ ተጠራ፤ ከመጡት ጥቂት ሰዎች የሚበዙት የጡረታው ሕግ መስሏቸው ነው የመጡት፤ ስለ ጡረታ ተናግረው ሄዱ፤ እኔም ስለ ጡረታ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ምልአተ ጉባኤ መጉደል ጀመረ። ኮሚቴው እንዲሰበሰብ ከግማሽ በላይ መገኘት አለበት፤ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይጎድላል፤ ያ አንድ ሰው ሁልጊዜ «መንገድ ላይ» ነው። እኔ ባዶ ወንበሮች እያየሁ «ምልአተ ጉባኤ ባለመሟላቱ ስብሰባው ተላልፏል» ብዬ እጽፋለሁ። እሱ ከባዶዎቹ ወንበሮች ወዲያ ሆኖ እኔን ያያል። ተላልፈናል እንባባላለን በዓይን።

እናቴ ደግሞ በቤት በኩል ትይዘኛለች።

«ይሄ ልጅ ቤት የሚመጣው መቼ ነው?» ትለኛለች ከስፌት መኪናው ላይ ቀና ሳትል።

«ሕጉ ሲወጣ።»

«ሕጉን ማነው የሚያወጣው?»

«አባላቱ።»

«አንቺ የምትውዪው ከማን ጋር ነው?»

«ከአባላቱ ጋር።»

«ታዲያ ንገሪያቸዋ።»

«እኔ አልናገርም፣ እማዬ። እጽፋለሁ እንጂ።»

«እንግዲያው ጻፊላቸው» አለችና ክሩን በጥርሷ ቆረጠችው። «ላም አለኝ በሰማይ ነው የናንተ ነገር።»

በመጨረሻ ኮሚቴው ሞላ። አንቀጽ አሥራ ስምንት ላይ የደረሱት ሁሉም ሰው በደከመበት ሰዓት ነበር፤ ሊያልፍም ምንም አልቀረው። ያን ጊዜ ከመስኮቱ በኩል የሚቀመጡ አንድ አንጋፋ አባል እጃቸውን አነሱ። እኚህ ሰው ሁሉን ስለሚጠረጥሩ መርማሪው ይባላሉ።

«ሕግ እንደ ልብስ በልክ አይሰፋም» አሉ። «ይህ ግን የተለካለት ሰው ያለ ይመስለኛል። ባለሙያው ይመልሱልኝ፤ በዚህ አንቀጽ የሚጠቀም በቅርብ የሚያውቁት ሰው አለ?»

ቀና ብዬ አየሁት። ሁልጊዜ የሚያየኝ ሰው ያን ጊዜ አላየኝም፤ ድምፅ ማጉያውን ነው ያየው።

«የለም፣ የተከበሩ አባል» አለ።

ሦስት ፊደል ናት። እጄ ማንንም ሳያማክር ጻፋት። እንዲህ ነው የሠለጠነው። ልቤ እጄን የያዘው ቃሉ ወረቀት ላይ ካረፈ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚቀጥለው ተናጋሪ ጀምሯል፤ እሱንም መጻፍ ነበረብኝ። የዚያን ቀን የተናደድኩትን ያህል በሕይወቴ ተናድጄ አላውቅም። መናደዴን የሚያሳይ አንድ ፊደል እንኳ ወረቀቱ ላይ የለም።

ከዓምዱ ጀርባ ሲመጣ ቆሜ ነው የጠበቅኩት።

«የለሁም አሉ» አልኩት።

«አንቺን ማለቴ አይደለም እኮ...»

«በራሴ እጅ ነው የጻፍኩት።»

«አለ ብል አንቀጹ እዚያው ይሰረዝ ነበር። ላንቺ ብዬ ነው።»

«ለኔ ብለህ ካድከኝ?»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«‹ጥያቄው ከአጀንዳው ውጭ ነው› ትላለህ። ‹መረጃው በእጄ የለም፣ በጽሑፍ እመልሳለሁ› ትላለህ። ሚኒስትሮቹ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው በየጊዜው የሚሉትን አንተ ታጣዋለህ?»

አፉን ከፈተ። ደወሉ ጮኸ። እዚያ ግቢ ከገባሁ ወዲህ በደወል ደስ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሻይ ቤት መሄድ ተውኩ። ቃለ ጉባኤውን በኮምፒውተር ጽፌ ለኃላፊዬ ሰጠሁ። መነጽራቸውን አድርገው እያነበቡ አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

«እዚህ ላይ ‹የለም› የምትለዋን ሁለት ጊዜ ጽፈሻታል።»

አየሁት። እውነታቸውን ነው። ስንት ዓመት ስጽፍ ያልተባለ ቃል ጨምሬ አላውቅም።

«አንዴ ነው ያለው» አሉኝ ዝግ ብለው። «ሁለተኛዋ ያንቺ ናት። አውጫት።»

አወጣኋት። ኃላፊዬም ሌላ ምንም አልጠየቁኝም፤ ወረቀቱን ብቻ ከተለመደው ረዘም ላለ ጊዜ በእጃቸው ያዙት።

ኮሚቴው እንደገና ሲሰበሰብ ቀኑ ዝናባማ ነበር፤ አባላቱ ጃንጥላቸውን ከወንበራቸው ሥር እያስቀመጡ ነው። እሱ ከሰብሳቢዋ ጀርባ ቦታውን ይዟል። ሰላም አላልኩትም። ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። አንድ አባል ያስላሉ፣ አንዷ ከረሜላ ያድላሉ። የመርማሪው ጥያቄ ላይ ስደርስ ውኃ ጠጥቼ ቀጠልኩ። «ባለሙያው፤ የለም፣ የተከበሩ አባል።» እስከ መጨረሻው አንብቤ ተቀመጥኩ።

«ማስተካከያ ያለው?» አሉ እትዬ ሥርዓት ቀና ሳይሉ። «ከሌለ...»

ከጀርባቸው እጅ ተነሣ።

ከረሜላው ቆመ። ሰብሳቢዋ ከአባላቱ ፊት ላይ አንድ ነገር እንዳለ አይተው ወደ ኋላ ዞሩ።

«ምንድን ነው?»

«ማስተካከያ አለኝ፣ የተከበሩ ሰብሳቢ።»

«ባለሙያ በዚህ ኮሚቴ ድምፅ የለውም።»

«ድምፅ አልሰጥም። የተናገርኩት የራሴ ቃል ነው። የራሱን ቃል ማስተካከል ለተናጋሪው ይፈቀድለታል።»

እትዬ ሥርዓት ሥነ ሥርዓት ከጠቀሱላቸው ጠላታቸውንም ይሰማሉ። «እውነት ነው» አሉ። «ቀጥል።»

ድምፅ ማጉያውን ወደ ራሱ ሳበው። በዚህኛው ጊዜ መከፈቱን በደንብ አየ።

«ባለፈው ስብሰባ በአንቀጽ አሥራ ስምንት የሚጠቀም በቅርብ የማውቀው ሰው እንዳለ ተጠይቄ ‹የለም› ብያለሁ። ‹አለ› ተብሎ ይስተካከልልኝ።»

«ማነው?» አሉ መርማሪው ከወንበራቸው ሳይነሱ።

ያን ጊዜ አየኝ። ሳይሸሽ፣ ከዓምዱ ጀርባ እንደሚያየኝ አድርጎ።

«ይህን የምትጽፈው ናት።»

የክፍሉ ሰው ሁሉ ወደ ጥጉ ዞረ። እዚያ ጥግ ሰው መኖሩን ከነሱ መካከል አንዳንዶቹ ያወቁት ያን ቀን ይመስለኛል። እጄ ቆሟል። ከዚያ በፊት ቆሞ አያውቅም።

«ጻፊ እንጂ» አሉኝ ሰብሳቢዋ።

ጻፍኩ። ‹ይህን የምትጽፈው ናት።› ቀለሙ ሲደርቅ እያየሁት እያለ እትዬ ሥርዓት መነጽራቸውን አወለቁ።

«ስሟ የተነሣ ሰው መልስ የመስጠት መብት አላት» አሉ። «ማስተካከያ አለሽ?»

እኔን ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ የሌላ ሰው ቃል ሳነብ ካልሆነ ድምፄን ሰምተው አያውቁም። አፌን በሩ ላይ ትቼው ነበር የገባሁት፤ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

«የለኝም» አልኩ።

ከዚያ ጎንበስ ብዬ እሱንም ጻፍኩት።

ይህ ታሪክ እዚህ ቢያበቃ እንዴት ጥሩ ነበር። ምክር ቤት ውስጥ ግን ነገር በልብ አያልቅም፤ በድምፅ ነው የሚያልቀው። በዚያው ስብሰባ መርማሪው አንቀጽ አሥራ ስምንት «የግል ጥቅም ያለበት» ስለሆነ እንዲወጣ ሐሳብ አቀረቡ፤ ተደገፈ፤ ወጣ። እሱም ከረቂቁ ሥራ ተነሣ። የሠረዙት ክፉ ሰዎች አይደሉም። አንዷ አባል ዓይናቸውን እየጠረጉ ነው እጃቸውን ያነሱት።

ከዓምዱ ጀርባ ስንገናኝ ሻዩ ገና ትኩስ ነበር።

«እንድትናገር ስፈልግ ዝም ትላለህ» አልኩት። «ዝም ማለት ሲያዋጣ ደግሞ ትናገራለህ። አንቀጹን ገደልከው እኮ።»

«ዝም እንድል ፈልገሽ ነበር?»

«አልፈለግኩም።»

«ታዲያ?»

«ቢሆንም ተናድጃለሁ። አንድ ላይ መሆን አይችልም?»

«ይችላል» አለ። «ተያይዞ ይታያል።»

ሳቅኩ፤ ሳልፈልግ ነው የሳቅኩት። እጁን ጠረጴዛው ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያይበት፣ እጄ ላይ አደረገው። ደወሉ ሲጮኽ ቶሎ አልተነሣሁም።

ረቂቁ ራሱ ያለ አንቀጽ አሥራ ስምንትም ለመጽደቅ አልበቃም። ለሁለተኛ ንባብ ትልቁ ጉባኤ ፊት የቀረበው የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን በሚያበቃበት ሳምንት ነው። አባላቱ ለምርጫ ወደየአካባቢያቸው ሄደዋል። ደወሉ ተደወለ፣ እንደገና ተደወለ፤ አፈ ጉባኤው ሰዓታቸውን እያዩ ጠበቁ፤ ምልአተ ጉባኤ ጎደለ። ያ ምክር ቤት ሳያጸድቀው የቀረ ረቂቅ ሁሉ ከሱው ጋር ይቀበራል። ነፍስ ይማር።

የዚያኑ ዕለት እሱ የሥራ መልቀቂያውን ማስገባቱን ነገረኝ። ይህኛው ንዴት ደግሞ ሌላ ነበር።

«ሳንወያይ ድምፅ ሰጠህ?»

«ሁልጊዜ የምትወጣው ሚስት ናት ብለሽ ስትበሽቂ ከርመሻል።»

«ብበሽቅስ? ማን ጠየቀኝ? ይህ ነው ያንተ ሥነ ሥርዓት?»

ሐሳቡን ለውይይት ይዘነው እናቴ ቤት ሄድን። ቤት የገባው እንዲህ ሆኖ ነው፤ እየተጨቃጨቀ። እናቴ ስፌት መኪናዋን ሳታቆም ሁለታችንንም አዳመጠች። እኔ ከጠዋት እስከ ምሽት ሰው ስሰማ የኖርኩ ሴት እንደሷ የሚሰማ ሰብሳቢ አላየሁም። እሱ ውልና አቤቱታ የትም ቁጭ ብሎ መጻፍ እንደሚችል አስረዳ፤ እኔ ግን የምጽፈው ሰው የሚናገርበት ቤት ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለ ቤት ደግሞ በአገሩ ሁለት ብቻ ነው፣ ላይኛውና ታችኛው፤ ደንቡ ሁለቱንም ይይዛል ብሎ ተከራከረ። እኔ ሥራው ለሱ ምን እንደሆነ ስለማውቅ ተቃወምኩ። እናቴ ፔዳሉን አቆመች።

«ልጄን በሰው ፊት የለችም ብለሃል አሉ።»

«ብያለሁ፣ እማማ።»

«ቀጥሎ አለች ብለሃል።»

«ብያለሁ።»

«እንግዲያው ይህ ሰው የሚለቀው ሥራ ነው እንጂ አንቺን አይደለም» አለችኝ። «ተይው ይልቀቅ።»

አንድ ድምፅ ተቃውሞ ተመዘገበ፤ የኔ። ውሳኔው ግን ጸደቀ።

ተጋባን። ከግቢው አጥር ማዶ፣ ከአንድ ፎቶ ቤት በላይ አንዲት ክፍል ተከራየ። የሰው ውል ይጽፋል፣ የሰው አቤቱታ ያስተካክላል። ከመስኮቱ የምክር ቤቱ ጣራ ይታያል፤ ደወሉም ይሰማል። ሻይ ይዤለት ስሄድ አንዳንዴ ደወሉ ሲደወል ብድግ ብሎ አገኘዋለሁ፤ ከዚያ ይስቅና ይቀመጣል። እኔ አልስቅም።

አዲሱ ምክር ቤት መጣ። አዳዲስ አባላት፣ አዲስ አፈ ጉባኤ፣ አዲስ ኮሚቴ። አንድ ጠዋት፣ ገና ወንበሬ ሳይሞቅ፣ የሠራተኞች አስተዳደር ሕግ ለሁለተኛ ንባብ ቀረበ። አንዱ ወጣት ባለሙያ የድሮውን፣ ኮሚቴው ከመንካቱ በፊት የነበረውን ረቂቅ ከመደርደሪያ አውርዶ ነው ያመጣው፤ አንቀጽ አሥራ ስምንት በሱ ቃል፣ በሱ አራት ነጥብ፣ እንዳለች አለች። ጥያቄ ያለው ተባለ። ማንም አልጠየቀም። የሚቃወም ተባለ። ማንም አልተቃወመም። እጆች ወጡ፤ እጆች ወረዱ። «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ብዬ ጻፍኩ። እነ መርማሪው በሌሉበት አዳራሽ፣ እኛን ያን ሁሉ ያስከፈለን ነገር ሰው ሻይ ጠጥቶ ለመመለስ በሚበቃው ጊዜ አለቀ። ላይኛው ምክር ቤትም አንድ ቃል ሳይነካ አሳለፈው። የሱ ወንበር ላይ ግን ያ ወጣት ተቀምጧል።

ለእናቴ ስነግራት «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለችና መኪናዋን አስነሣች።

ለሱ የነገርኩት ራት ላይ ነው።

«አንቀጽህ ጸደቀች።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። «ስንት ተቃወመ?»

«ማንም አልተቃወመም።»

«ተአቅቦ?»

«የለም።»

ብርጭቆውን በሁለት እጁ ያዘ።

«የሚቆጭህ ነገር አለ?» አልኩት።

«የለም» አለ፤ ብርጭቆውን እያየ።

አልተጨቃጨቅኩም። ቃለ ጉባኤ በዕለቱ አይጸድቅም። ጠዋት ለሥራ ስዘጋጅ፣ እሱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ካልሲውን ሲያደርግ፣ በሩ አጠገብ ቆምኩ።

«የማታው ላይ ማስተካከያ ያለው?»

አንዱ እግሩ ባዶውን እንደሆነ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ እጁን አነሣ።

«ትንሽ ይቆጨኛል» አለ።

«እኔንም» አልኩት።

መጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከአጥሩ ማዶ ደወሉ ሲደወል ተሰማን፤ የዚያን ቀን ጉባኤው እኔን ትንሽ ጠበቀ።